ከስክሪኑ ጀርባ ያለችው ቆርቆሮ

— ሄሎ?... ማን ልበል?... እ... ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት?

የደወለው የእህቱ ባል ነበር፣ ሬዲዮ ጠጋኙ። አባትየው ካቻቢቴ በእጁ እንደያዘ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሀል ሸጎጠው።

— ደህና ነን፣ ምን እንሆናለን?... የለም፣ አልተቀየምኩም።... «ለምን ጠፋህ? ንገረኝ» ካሉማ ልንገርዎ! አምና ልጅዎ የተመረቀች ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ እንግዳው ሁሉ በተቀመጠበት፣ ሠርቼላችሁ ያመጣሁትን ማራገቢያ አንስተው «የዚህ ሰውዬ ሥራ ሁሉ አንጀቱ ተዘርግፎ ነው የሚኖረው» አላሉም?... ቀልድ ነው! እንግዲያው ቀልድ ነው። የሳቁት ሰዎች ግን እስከ ዛሬ ባገኙኝ ቁጥር ሆዴን ሆዴን ነው የሚያዩት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፣ ጋሼ።

ሴት ልጁ ከጠረጴዛው ቀና ብላ አየችው።

— አንቺ ሥራሽን ሥሪ!... ለርስዎ አይደለም፣ ለልጄ ነው።... ስለ ስክሪኑ ማን ነገረዎት? እህቴ? እሷ ሆድ ውስጥ እኮ ወሬ አያድርም።... አዎ፣ በላዩ ላይ በብዕር የሚሳልበት ስክሪን። ለመግዛት አቅሙ የለም፣ ሠራሁላት። ስክሪኑ ከተሰበረ ላፕቶፕ፤ ከሥሩ ያለው፣ ብዕሩን የሚያውቀው ክፍል፣ ከአሮጌ የስዕል ሰሌዳ የተፈታ ነው።... መሥራቱንማ ይሠራል። ብቻ... ሄሎ? ይሰሙኛል? ብቻ መስመሩ ይንቀጠቀጣል። ቀጥ አድርጋ ስትስል የትል መንገድ ይሆናል። ሊቀጥሯት ለሚፈትኗት ካርቱን ሠሪዎች የፈተናውን ስዕል ዛሬ ካልላከች ሥራውን ለሌላ ሰው ይሰጡታል። እሷ ዓይኗ ቀልቷል፣ እኔ መፍታት መግጠም ነው።

መስመሩ አሁንም ስክሪኑ ላይ ይርገፈገፋል።

— ትናንትማ ደህና ነበር።... ምን ጨመርኩ? ምንም።... ምንም አልኩ እኮ!... ጀርባውን ዘጋሁት፤ እሱ ደግሞ ምን አለው?... በቆርቆሮ። ከኮምፒውተር ሣጥን ቆርጬ፣ ጠርዙን በሞረድ አለስልሼ፣ በብሎን ጥርቅም አድርጌ።... ለምን?... ለምን ይሉኛል? አንጀቱ እንዳይታይ ነዋ!

ቆርቆሮዋን በካቻቢቴው ጫፍ መታ መታ አደረጋት።

— ሄሎ?... አለሁ።... ብዕሩን የሚያውቀው ብረት ሲጠጋው ይረበሻል?... ቆርቆሮዋን ላንሳት?... እንደገና ተዘርግፎ ይታይ ነው የሚሉኝ?... እሺ፣ እሺ፣ ይቆዩኝ። — ልጄ፣ ብዕሩን አስቀምጪና በጎን ያዥልኝ።

ስልኩን አስቀምጦ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታ። ያን ያህል የለፋባት ቆርቆሮ እያብረቀረቀች እጁ ላይ ቀረች፤ ሽቦው፣ ፕላስተሩ፣ ማስቲሹ ሁሉ ገሃድ ወጣ።

— በይ፣ አሁን አስምሪ።

ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳበችው። መስመሩ እንደ ተወጠረ ክር ቀጥ አለ። አፏን በእጇ ያዘች፤ ከዚያ አጎንብሳ የካርቱኑን አፍንጫ መሳል ጀመረች።

— ሄሎ... አለሁ፣ ጋሼ።... ምን አሉኝ?... መስመሩ?...

ልጁን አያት። ጀርባው የተራቆተውን ሥራውን አየ። «ተስተካከለ» ማለት አንዲት ቃል ነበረች፤ ያን ቀን ላሳቀበት ሰው ግን አፉ ድረስ መጥታ ተመለሰች።

ስልኩን ሳይዘጋ ቆርቆሮዋ ላይ አስቀመጠው። ሰውዬው አሁንም እየጠየቀ ነበር፤ እሱ ግን ካቻቢቴውን ኪሱ ከቶ ወደ ደጅ ወጣ።