ስምንት ዓመት ምርቃት

ጋሻው ወንድሜ፣ እዚች ጋ ቁጭ በል፤ የማኅበሩ ምርጫ እስኪጀመር ሻይ እንጠጣ። ከሳን ሆዜ ስትመጣ መንገዱ እንዴት ነበር? ልጆቹስ? አሁንም በእንግሊዝኛ ነው የሚመልሱልህ? ይሁን፣ ደህና ይሁኑ እንጂ።

እኔ እንደምታውቀኝ ነኝ፣ ተመስገን። እዚሁ ኦክላንድ አንድ የድሮ የጠበቆች ቢሮ አጸዳለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ዳዊቴን ደግሜ ቫኪዩም ሳደርግ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ፂማም ሰውዬ ያየኛል። አንድ ቀን ጸሐፊዋን ማን ነው ብዬ ጠየቅኳት። ሚስተር ፕሩዊት ይባላል፣ ቢሮውን የከፈተው እሱ ነው አለችኝ። ከሰባ ዓመት በፊት ሳክራሜንቶ ሕግ አውጪው ምክር ቤት ሁለት ጊዜ ተመርጦ ገብቷል። ጠበቃም ነበር፣ ግን... እንዴት ልበልህ... ትንሽ የዋህ ቢጤ።

ምን አደረገ መሰለህ? ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት የመሬት ወረቀት ላይ ቀን ተሳስቶ ጻፈና መሬቷን ተነጠቀች። ዝም ቢል ማን ያውቅበት ነበር? እሱ ግን ለሦስተኛ ጊዜ የሚወዳደርበት ምርጫ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ዳኛ ፊት ቆሞ «ስህተቱ የእሷ አይደለም፣ የኔ ነው» አለ። ሴትዮዋ መሬቷ ተመለሰላት፤ ሰውየው ምርጫውን ተሸነፈ። ከዚያ እስኪሞት የዓሣ አጥማጅና የፋብሪካ ሠራተኛ ማመልከቻ ሲጽፍ ኖረ። አንብቦ ሳያሰማቸው አያስፈርማቸውም ነበር አሉ። ዛሬ በስሙ የተሰየመ አንድ መንገድ እንኳ የለም። ምስኪን... የኛን ሰው ቢያገኝ ስንት ነገር በተማረ።

የቱን ሰው እንዳትለኝ። ስም አልጠራም፤ ዛሬ ቆርቤያለሁ። እንዲያው የማከብራቸው፣ በንጉሡ ጊዜ ሕግ የተማሩ አንድ ሰው አሉ ለማለት ነው። ዛሬም ለሊቀመንበርነት ይወዳደራሉ ሲባል ሰማሁ፤ እኔ እንጃ።

እህታችን ወይንሸት ልጇን የምሥራችን ከካርቱም ልታስመጣ ፎርሙን ለእሳቸው ሰጠች። ሳያመነቱ ሞሉላት፣ በነጻ። ጽሕፈታቸው ደግሞ ማተሚያ ቤት ያወጣው ነው የሚመስለው። ታዲያ የልጅቷን የትውልድ ዘመን 1960 ብለው ጻፉ... በኛ አቆጣጠር። የሀገር ፍቅር አየህ? ይህን ያህል ዓመት አሜሪካ ኖረው፣ የፈረንጅ ፎርም ፊታቸው ተዘርግቶ፣ የሀገራቸውን ዘመን አልረሱም። እኔ ማይሙ ብሆን ስምንት ዓመት ደምሬ ሀገሬን እከዳ ነበር።

ኢሚግሬሽን የኛን ዘመን ከየት ያውቃል? ዘንድሮ በነሱ 1986 ነው፤ የአሥራ ስምንት ዓመቷ ልጅ በወረቀት ሃያ ስድስት ሞላት። ስምንት ዓመት ምርቃት! ከሃያ አንድ በላይ ናትና በልጅነት አትመጣም የሚል ደብዳቤ ደረሰ። እስከ ወሩ መጨረሻ ፎርሙን የሞላው ሰው የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ብሎ ጽፎ ከፈረመ፣ ጉዳዩን እንደገና ያዩላታል። አንድ መስመር ናት። ዘጠኝ ቀን ቀርቷል።

ወይንሸት ኮል ስታደርግ ቢዚ ናቸው። ባለፈው እሑድ እዚህ በር ላይ አግኝታ ለመነቻቸው። ምን ቢሏት ጥሩ ነው? «ወይዘሮ ወይንሸት፣ በምርጫ ሰሞን ስሜ ከስህተት ጋር ባይነሣ ይሻላል። ትንሽ ይጠብቁ።» አነጋገር ማወቅ እንዲህ ነው። እኔ ባልተማረው ጭንቅላቴ ጠበቃ ማለት የሚጠብቅ ይመስለኝ ነበር... ለካ የሚያስጠብቅ ኖሯል።

ድምፄ ከፍ አለ እንዴ? ከኋላችን የተቀመጡትን ሰው እንዳልረብሽ። ምነው ሻያቸውን አስቀመጡት? ቀዘቀዘባቸው መሰለኝ።

እኔማ እመርጣቸዋለሁ። ለስማቸው እንዲህ የሚጠነቀቁ ሰው የማኅበሩን ስም ያስደፍራሉ? ልጅቷ ካርቱም ብትቀር ምን ይደረጋል... እኛ ሊቀመንበር ከምናጣ።

በጸሎቴም አልረሳቸውም። እግዚአብሔር ጤናውን ይስጣቸው፤ ያሰቡት ወንበር ላይ ያስቀምጣቸው። ከልጆቻቸው አይለያቸው። ክፉ ቀን መጥቶ ቢለያቸው እንኳ... ፎርማቸውን የሚሞላላቸው፣ ልክ እንደ እሳቸው ያለ የተማረ ሰው አያሳጣቸው።