ደም በቀዝቃዛ ውሃ

«ሳፋውን ማን አስቀመጠው አላልኩም፤ የማን ደም ነው ነው ያልኩት!»

«ቀስ በይ፣ መንገደኛ ይሰማል።»

«ይስማ!»

«የሰው ልብስ ነዋ። እዚህ ቤት የሰው ልብስ ይታጠባል፤ በሩ ላይ ተጽፏል፣ ማንበብ ካልረሳሽ።»

«የደንበኛ ልብስ ቁጥር ይሰፋበታል፣ ጋሼ። ይኼ ቁጥር የለውም።»

ባለ ላውንደሪው ሳፋውን ሊቀማት እጁን ሰደደ። ያለ ቁጥር አንዲት መሐረብ እንኳ ወደዚህ ቤት እንዳትገባ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲቆጣጠር የኖረው እሱ ነው፤ አሁን የገዛ ሕጉ ያዘው።

የሰፈሩ ሰው «ጋሼ ነጩ» ይለዋል፤ እሱ ያጠበው ሸሚዝ ከአዲስ ይነጣል ስለሚባል ነው። ሳፋውን ይዛ ፊቱ የቆመችው የሟች እህቱ ልጅ ናት። ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ የሰው አንጀት በሚታይበት የሆስፒታል ክፍል ውስጥ በነርስነት ትሠራለች። የዛሬ አመጣጧ ለጠብ አልነበረም። ወደ ሥራ ስታልፍ ጋውኗን ለእጥበት ልትሰጥ ጎራ አለች፤ እጇን ልትታጠብ ወደ ኋላ ክፍል ዘለቀች፤ ከቧንቧው ሥር በጋዜጣ የተሸፈነ ሳፋ አገኘች። በውስጡ የሴት የውስጥ ልብስ ጨው ባለው ቀዝቃዛ ውሃ ተዘፍዝፏል።

«የሚጡ ነው አይደል?» አለች፣ አሁን ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ሚጡ የጋሼ ነጩ አንድያ ልጅ ናት። ሃያ አምስት ዓመት ቢሞላትም የልጅነት ስሟ አልለቀቃትም። በዚህ ሰዓት ከግርዶሹ ወዲያ ካውያ ላይ ነበረች፤ የእንፋሎቱ ድምፅ ይሰማል።

«የሴት ልጅ ነገር ነው። ይኼም ለነርስ ይነገራል?»

«ንፍጥ የቀላቀለ ደም ነው፣ ጋሼ። በየቀኑ የማየውን ደም ነው የሚደብቁኝ?»

ጋሼ ነጩ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ከሁለት ወር ወዲህ ቆሞ መከራከር አቅቶታል። ቀበቶው ሦስት አዲስ ቀዳዳ ተበስቶለት እንኳ ሱሪውን በወጉ አልያዘለትም።

የዛሬ አሥራ አራት ዓመት አንድ ሐኪም ትልቁ አንጀቱ እንደተቆጣ ነግሮት ነበር። ብግነት ይባላል፤ ኪኒኑን በየቀኑ ውሰድ፤ ቀጠሮህን አትለፍ አለው። ጋሼ ነጩ ኪኒኑን ወሰደ፤ ደሙ ቆመ፤ ኪኒኑን ተወ። ደሙ ሲመለስ ወደ ኪኒኑ ተመለሰ፤ ሲቆም ደግሞ ተወው። ቀጠሮው የተጻፈበት ካርድ የት እንደገባ እንጃ። ሌላ ሰው ቢሆን አንሶላው ያሳብቅበት ነበር። ጋሼ ነጩ ግን የደምን ጠባይ ያውቃል። ደም ሙቅ ውሃ ሲነካው ጨርቁ ላይ ይቀራል፤ በቀዝቃዛ ውሃና በጨው ካደረ ግን እንዳልነበረ ይሆናል። ሚስቱ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ አንድ ጠብታ እንኳ ሳታይ አብራው ኖራ ሞተች። ሙያ ባለቤቱን ያበላል እንጂ ባለቤቱን ይበላል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ከሁለት ወር በፊት ሆዱ ሲነፋና ሥጋው ሲያልቅ ይህችው የእህቱ ልጅ እጁን ይዛ ወሰደችው። ናሙና ተወሰደ። ካንሰር ነው፣ ጉበት ደርሷል ተባለ።

«ሚጡ አሁኑኑ ከእኔ ጋር ትሄዳለች» አለች ነርሷ።

«ንክች አታደርጊያትም!» አለ ጋሼ ነጩ። «እኔን የነካካችሁኝ ይበቃል። በእግሬ ገብቼ ነበር እኮ፤ ቱቦ ከተታችሁ፣ ቆንጥራችሁ ወሰዳችሁ፤ ይኸው ጉበቴ ገባ። አሥራ አራት ዓመት ዝም ብዬው ዝም ብሎኝ ኖሯል። ቁስል ሲነካካ ያመረቅዛል፤ ይህን ያልተማረም ያውቀዋል።»

«ቆንጥረን ስንወስድ እዚያው ነበር። ካሜራው አየው እንጂ አልዘራውም።»

«እናንተማ እንዲህ ነው የምትሉት። ቀጥለሽ ደግሞ ‘ሳይቃጠል በቅጠል’ በዪኝ። ግድግዳችሁ ላይ አንብቤዋለሁ፤ ወረቀቱ ራሱ ጫፉ ተቃጥሏል።»

ነርሷ ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያውም በሳቋ አፈረች። ሳፋውን መሬት አስቀምጣ፣ የልብስ ከረጢት ስባ ከፊቱ ተቀመጠች።

«ዝም አላለዎትም ነበር፣ ጋሼ። ካውያ እጅዎን ሲፈጅዎት ምን ይሆናል?»

«ይቀላል። ያብጣል።»

«ያ ነው ብግነት። ሰውነት ጠላት ገባብኝ ብሎ ሲቆጣ ነው። ቁጣው ይሠራል፣ ያጸዳል፣ ይበርዳል፤ እጅዎ ይድናል። ያለዚያ ቁጣ ቁስል አይድንም። የእርስዎ አንጀት ግን ቁጣው አልበረደለትም። ጠላት በሌለበት ጠላት ልግደል እያለ መርዙን በገዛ ግድግዳው ላይ ይረጫል።»

«ደሙ ሲቆምስ?»

«ደሙ ቢቆምም ውስጥ ለውስጥ ሊቀጥል ይችላል። ሰውነት ደግሞ ቁስሉን እያየ አይተኛም፤ አዲስ ሕዋስ እየሠራ ይደርተዋል። ይህችን ኮሌታ ይዩ…»

«ተዪ! የደንበኛ ነው።»

«አልበላውም፤ ይዩት። አምስት ጊዜ የተደረተ ቦታ…»

«አምስት ጊዜ የተደረተ ጨርቅ ይሳሳል፣ ይቀደዳል፣ አበቃ። ሠላሳ ዓመት አጥቤያለሁ፤ ካንሰር የያዘው ሸሚዝ አላየሁም።»

እዚህ ላይ የጋሼ ነጩ ፊት ትንሽ በራ። ተማረ የተባለን ሰው በንግግር መርታት ደስ ይለዋል፤ ሞት ደጁ ቆሞም ይህ ደስታው አልተወውም።

«እውነትዎን ነው» አለች ነርሷ። «ልዩነቱም እሱ ነው። ሸሚዝ ራሱን አይሠራም፤ ሰውነት ግን ራሱን ይሸምናል። መርዝ እየተረጨበት፣ እየተጣደፈ፣ ዓመታት ሙሉ ሲሸምን አንድ ቀን ክር ይስታል። የሳተው ሕዋስ አምሳያውን ይወልዳል። ‘በቃህ’ ሲባል አይሰማም። የሚያንገበግበው ደግሞ፣ ያው ቁጣ መልሶ ይቀልበዋል፤ ‘ቁስል አለ፣ እደግ፣ ተባዛ’ ይለዋል፤ ደም ሥር ያበቅልለታል። የቁጡ አንጀት ሁሉ መጨረሻ ካንሰር አይደለም፤ የሚበዛው አይሆንም። ነገር ግን ስምንት፣ አሥር ዓመት ካለፈ በኋላ አደጋው እየጨመረ ይሄዳል። ቀጠሮው ለዚህ ነበር። ኪኒኑም ለደሙ ብቻ አልነበረም፤ ለቁጣው ነበር።»

«ይህን ያኔ ማን ነገረኝ?»

«ተነግሮዎት ይሆናል። በሩ ላይ ሃምሳ ሰው ተሰልፎ፣ በጥድፊያ። እኛም ጥፋት አለብን።»

ጋሼ ነጩ ይህን አልጠበቀም። ሐኪም ቤት ጥፋቱን ሲያምን ሰምቶ አያውቅም። ሆኖም አንገቱን ነቀነቀ።

«ስሚ፣ የእህቴ ልጅ። ልብስ አጣቢ ዓይን እንጂ አፍ የለውም። የስንቱን ቤት ገመና አጥቤ ዝም ብያለሁ። የገዛ ልጄን ገመና ነው አደባባይ የማወጣው? ልታገባ ቀን ቆርጣለች። አራት ወር ነው የደማችው፤ ያልፋል። እኔው ነኝ ጨውና ቀዝቃዛ ውሃውን ያስተማርኳት።»

«አራት ዓመት ነው፣ አባዬ።»

ግርዶሹ ተገልጧል። ሚጡ የካውያ ጨርቅ በእጇ እንደያዘች ቆማለች።

«ምን አልሽ?»

«አራት ወር ያልኩህ ሳፋውን ረስቼ ያየህብኝን ቀን ቆጥሬ ነው። ከዚያ በፊት አላየህም።»

«እኔ? እኔ ሳላየው?»

የሻይን እድፍ ከዝገት ከበር ላይ ሆኖ የሚለየው ሰው ነው ይህን የጠየቀው። ሚጡ ወደ መሬት እያየች መለሰች።

«ደግሞ አንተ አይደለህም ያስተማርከኝ። አይቼ ነው የለመድኩት። ልጅ ሆኜ፣ እማዬ ገበያ ስትሄድ፣ አንተ እዚህ ቧንቧ ሥር ስታጥብ በግርዶሹ ጥግ አይሃለሁ። ምንም አልመሰለኝም። ሰው ሲያድግ የሚደማ መስሎኝ ነበር።»

ነርሷ ጠብ ጠብ የሚለውን ቧንቧ አጥብቃ ዘጋች።

ጋሼ ነጩ ስለ ራሱ ሕመም አራተኛ ዓመት አሰበ። የእንፋሎት ማሽኑን የገዛበት ዓመት ነበር። ሦስት ወጣቶች ያቃታቸውን ማሽን በትከሻው ደግፎ ደረጃውን አስወጥቶታል፤ ያን ዕለትም ደምቶ ነበር፤ አጥቦ ተኛ። ዝምታውን የሰውን ክብር መጠበቂያ፣ የቤቱ መልካም ስም አድርጎ ይዞት ኖሯል። ለልጁ የሚያወርሰው ይህ ቤት ብቻ ይመስለው ነበር። ሳይናገር፣ ሳይመክር፣ ዝምታውን አስቀድሞ አውርሷታል። ከሆዱ ሕመም የባሰ ሕመም እንዳለ አሁን ገና አወቀ፤ ለዚህኛው ናሙና የሚወሰድለት አልነበረም።

«እኔን በአራተኛው ዓመት ብታገኙኝ ኖሮ?» አለ።

«ይቅርብዎ፣ ጋሼ።»

«በሞቴ ተናገሪ። እሷም ትስማ።»

ነርሷ ከረጢቱን ወደ እሱ አስጠጋች። «ኪኒኑን ሲያምዎትም ሲሻልዎትም ይወስዱ ነበር። ከስምንተኛው ዓመት ጀምሮ በየጊዜው አንጀትዎን እናይ ነበር። ክፉ ነገር ቢበቅል ገና ከግድግዳው ሳይወጣ እንደርስበት ነበር፤ ትንሽ እባጭ ከሆነ በቱቦው ራሱ ይቆረጣል። ለሁሉም ይሳካል ብዬ አልምልም። ግን ጊዜ ይኖረን ነበር።»

«ለእሷስ?»

«ለእሷ ጊዜ አለ። ያው የእርስዎ በሽታ ላይሆንም ይችላል፤ አይተን ነው የምናውቀው። ከሆነ ቁጣውን እናበርደዋለን፤ ሲበርድም መድኃኒቱን አታቋርጥም። በቀጠሮዋ ትታያለች። ትሠራለች፣ ትወልዳለች፣ እግዜር ካለ ታረጃለች። ደም ካየች ታጥባለች፤ ማን ከለከላት? ከማጠቧ በፊት ግን ትናገራለች።»

ጋሼ ነጩ እጁን ወደ ሚጡ ዘረጋ፤ መጥታ ያዘችው። የእሷ እጅ ከካውያው ሙቀት የተነሳ ይጋረፋል፤ የእሱ በረዶ ነበር።

«ሂጂ» አላት። «ሲጠይቁሽ ከአራት ወር እንዳትጀምሪ። አራት ዓመት በዪ። አባቴም በዪ፤ አሥራ አራት ዓመት ደበቀ፣ በኩራቱ ደበቀ በዪ። ለባልሽ ወገኖችም ይነገራቸው። በዚህ የሚሸሽ ካለ ዛሬውኑ ይሽሽ።»

«አባዬ…»

«ካልተናገርሽ እኔ እቀየምሻለሁ። ለመቀየም ደግሞ ብዙ ጊዜ የለኝም።»

ቀልድ ነበር፤ የሳቀለት ግን የለም። ከዚያ ወደ እህቱ ልጅ ቀና አለ፤ ስለ ራሱም አንድ ቃል ትጨምር እንደሆነ ብሎ ዓይኗን ፈለገ። እሷ የጋውኗን እጅጌ ማጠፍ ጀመረች። አጥፋ ዘረጋችው፤ እንደገና አጠፈችው። ገባው።

ነርሷ ስልኳን አውጥታ ክፍሏ ደወለች። «አዎ፣ ዛሬ… አይ፣ የእኔው ቤተሰብ ነች… አራት ዓመት…» ስትል ድምጿ ይሰማል። በዚህ መሃል በፊት ክፍል አንድ ደንበኛ ጠረጴዛውን መታ፤ ሚጡ ዓይኗን በክንዷ ጠርጋ ወጣች።

«ይኼ ኮት ሲመጣ አራት ቁልፍ ነበረው!» ይላል ደንበኛው።

«ሦስት ነበረው፤ ስንቀበልዎ ጽፈነዋል።»

«እኔ የገዛ ኮቴን ቁልፍ አላውቅም?»

«ቆይ ደብተሩን ላምጣ።»

ጋሼ ነጩ የወንበሩን መደገፊያ ይዞ ተነሣ። ጃኬቱን ከመስቀያው አውርዶ በትከሻው ጣል አደረገ፤ እጅጌውን ማጥለቅ ይደክመዋል። ነርሷ ጀርባዋን ሰጥታ በስልኩ ሰዓት እየጠየቀች ነበር። ደጅ ሆኖ ሊጠብቃቸው በግርዶሹ አልፎ ወደ ፊት ክፍል ወጣ። ሚጡ ደብተሩ ላይ አጎንብሳለች። ደንበኛው ኮቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅርቦ ክሩን ይመረምራል፤ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ብሎ ጋሼ ነጩን ወደ በሩ አሳለፈው፤ «እዚህ ጋ ነበር፣ ቀዳዳው ይኸው» እያለ።