በጉድጓዱ ላይ የበቀለው ጌሾ

(የአንዲት ትንሽ ከተማ ፖሊስ ጣቢያ፣ ረፋድ፤ ባላቸው አቶ ደምሰው ከጠፉ አሥራ አራት ዓመት የሆናቸው ወይዘሮ አመለወርቅ በፌስታል የተጠቀለለ ጠርሙስ ታቅፈው ከሳጅን ዘርጋው ጠረጴዛ ፊት ተቀምጠዋል።)

አመለወርቅ፦ ከጠዋት ጀምሮ እዚያ አግዳሚ ላይ ጎልተኸኝ፣ ከኋላዬ የመጡ ሦስት ሰዎች አስገባህ። ዶሮ ተሰረቀብኝ ያለውን ሳይቀር። እኔ የጠፋብኝ ባል ነው።

ዘርጋው፦ የሰውየው ዶሮ የጠፋችው ዛሬ ነው፣ እትዬ። የእርስዎ ባል ከጠፉ አሥራ አራት ዓመት።

አመለወርቅ፦ ታዲያ ወረፋ የሚገባው ለቀደመው አይደለም?

ዘርጋው፦ እሺ፣ ይኸው ገቡ። ምን ልታዘዝ?

አመለወርቅ፦ ወረቀት። «አመለወርቅ ባሏን አልገደለችም» የሚል። ማኅተሙን ደመቅ አድርገው፤ ማንበብ የማይችለውም እንዲያየው።

ዘርጋው፦ እኛ እንዲህ ያለ ወረቀት አንጽፍም። ነፃ ነሽ የሚለው ፍርድ ቤት ነው።

አመለወርቅ፦ ፍርድ ቤት ላከኛ።

ዘርጋው፦ በምን? አልተከሰሱም እኮ።

አመለወርቅ፦ ክሰሰኝ።

ዘርጋው፦ ማስረጃ የለኝም።

አመለወርቅ፦ እሱኑ ጻፈው።

ዘርጋው፦ አይሆንም። አቶ ደምሰው እስኪገኙ ፋይሉ ክፍት ነው።

አመለወርቅ፦ ይህን ሁሉ ዓመት ተከፍቶ አይጥ አልበላውም?

ዘርጋው፦ ደግሞ ዛሬ ምን አስቸኮለዎት? እስካሁን ማንም አልነካዎትም።

አመለወርቅ፦ ማን ቀርቦኝ ይነካኛል? የኪዳነ ምሕረት ማኅበርተኛ ነኝ። ጽዋው በየወሩ ከቤት ቤት ይዞራል፤ የእኔ ደጅ ሲደርስ ግን ከትርንጎ ቤት ዘሎ ገላግሌ ቤት ይገባል። የሁሉንም ድግስ በልቻለሁ፤ የእኔን የሚቀምስ የለም። ሰባ ሁለት ሞላኝ እኮ፤ ጽዋው ቤቴ ሳይገባ ልሙት? ባለፈው ወር ተነሥቼ ብናገር ማኅበሩን የሚመራው ሙሴ «ከፖሊስ ወረቀት ካመጣሽ ተራው ያንቺ ነው» አለኝ።

ዘርጋው፦ ምን ብለው ነው የማይቀምሱት?

አመለወርቅ፦ በጌሾው ነዋ። አላውቅም እንዳትለኝ፤ ጉድጓዱን የቆፈርከው አንተ ነህ።

ዘርጋው፦ ያኔ ኮንስታብል ነበርኩ። ቆፍር ተባልኩ፣ ቆፈርኩ።

አመለወርቅ፦ ጓሮዬን እስከ ወገብህ ቆፍረህ አንዲት አጥንት አገኘህ። በጨርቅ ጠቅልላችሁ ለምርመራ አዲስ አበባ ላካችኋት። በስምንት ወሩ የበግ ናት ተባለ። እኔ አዲስ አበባን ሳላይ የፋሲካ በጌ በመንግሥት መኪና ሄደ። ጉድጓዱን ግን ሳትደፍነው ቀረህ።

ዘርጋው፦ ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

አመለወርቅ፦ በይቅርታህ አልሞላልኝም። ጌሾ ተከልኩበት፤ ከአጥር በላይ ሆነ። አገሩ ደግሞ «ደምሰው ነው ያፋፋው» ብሎ ጠላዬን ሸሸ።

ዘርጋው፦ ሰውም አይፈረድበትም። ከመጥፋታቸው በፊት በነበረው ቀን ገበያ መሐል «እቀብርሃለሁ» ብለዋቸዋል። አራት ምስክር አለ።

አመለወርቅ፦ አራት ብቻ? ገበያው ሁሉ ነው የሰማኝ። ሠላሳ ዓመት በየሳምንቱ ብዬዋለሁ፤ ያኔ ምነው አልቆፈራችሁ?

ዘርጋው፦ በማግስቱ ደግሞ ጋቢያቸውን አጥበዋል።

አመለወርቅ፦ ወጥ ደፍቶበት ነበራ። «የመጥረቢያ እጀታ ገዝቼ መጣሁ» ብሎ ወጣ፤ ሲመለስ ንጹሕ ይልበስ ብዬ አጠብኩ። የማይመለስ ሰው ጋቢ፣ በዚያ ብርድ ወንዝ ወርዶ የሚያጥብ ማን ነው? ይኸው እስከ ዛሬ ሣጥኔ ውስጥ ታጥፎ አለ።

ዘርጋው፦ ይህን ቃልዎን ሲሰጡ አልተናገሩም።

አመለወርቅ፦ ማን ጠየቀኝ? «አጥበሻል?» አላችሁ፣ «አዎ» አልኩ፤ አውራ ጣቴን ቀለም ነክራችሁ አስፈረማችሁኝ። ለምን ያለኝ የለም።

ዘርጋው፦ ... እትዬ፣ እኔ በበኩሌ አልጠረጥርዎትም።

አመለወርቅ፦ እውነትህን ነው?

ዘርጋው፦ እውነቴን ነው።

አመለወርቅ፦ እንግዲያው ብርጭቆ አምጣ። ይኸው ጠላ፣ ከዚያው ጌሾ የተጠመቀ።

ዘርጋው፦ ሥራ ላይ ነኝ።

አመለወርቅ፦ እንደ ደንቡ መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ቀመስኩልህ። አለሁ።

ዘርጋው፦ ጨጓራዬም ትንሽ...

አመለወርቅ፦ እሁድ እነ ትርንጎ ቤት ክርስትና ላይ ጨጓራህን የት አስቀምጠኸው ነበር? አራት ብርጭቆ ነው አሉ።

ዘርጋው፦ እንዲያው... ዛሬ ይለፈኝ።

አመለወርቅ፦ አልጠረጥርም ያልከው አፍህ ነው፤ ጉሮሮህ አልሰማም። በል ወረቀቱ ይቅር። ከማኅበሩ ማንበብ የሚችለው ሙሴው ብቻ ነው። አንተን ግን ሁሉም ያነብሃል።

ዘርጋው፦ ምን ላድርግልዎት ታዲያ?

አመለወርቅ፦ ለኪዳነ ምሕረት እደግሳለሁ፤ ቤቴ ትመጣለህ።

ዘርጋው፦ እነሱ ቢቀሩስ?

አመለወርቅ፦ አመለወርቅ ቤት ፖሊስ ይመጣል ብዬ ላስወራ፤ የሚቀር ካለ እኔ ልቀጣ። ያኔ ስትቆፍር አገር እንዳየህ፣ አሁንም ዩኒፎርምህን ለብሰህ፣ በዋናው መንገድ አድርገህ ና። ከሙሴው ጎን ትቀመጣለህ። የመጀመሪያውን ብርጭቆ ዓይናቸው እያየ ትጨልጠዋለህ። ሁለተኛውን ደግሞ ሳልለምንህ፣ ድምፅህን ከፍ አድርገህ «ይድገሙኝ» ትለኛለህ።