የጀልባ ሞተር ድሬ ላይ

የድሬ ወንዝ አሸዋ ብቻ ነው። በደርግ ጊዜ ግን «ጓድ» የምንለው የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ፣ «ሐይቅ ላይ ሊሠራበት ነው፣ ጠግኑ!» ብሎ አሮጌ የጀልባ ሞተር አመጣልን። ውሃ በሞላ በርሜል ውስጥ ነክረን አስነሳነው። ቀስ ሲል ይዘፍናል፤ ነዳጅ ሲሰጡት ግን አቅም ያጣል። ጓድ «ይሄ አሻጥር ነው! አንተ ትጠየቅበታለህ!» ብሎ አፈጠጠብኝ። ሮጬ መጋላ ሰፈር ሄጄ መካኒክ አመጣሁ።

የመጋላው መካኒክ ጋሽ ዩሱፍ «አቦ ቀስ!» ብለው የነዳጅ ታንኩን ክዳን አዩ። አየር የሚገባበት ቀዳዳ በሳሙና ተደፍኗል፤ አየር ካልገባ ደግሞ ነዳጁ በደንብ አይወርድም። ፍቀው አሸተቱት። «ወላሂ ሽቶ ሳሙና ነው! ጓድ፣ ባለፈው ኮንትሮባንድ ብለው የወረሱብን ዓይነት!»

ለካ ቤንዚኑ እንዳይተን ብሎ የደፈነው ራሱ ጓድ ኖሯል። እጁን ኪሱ ከቶ፣ «አሻጥር እንኳን አይደለም» አለ፤ «ተራ የቴክኒክ ችግር ነው።»