በጉ ታስሮ፣ ራጉ ተፈቶ

— ሄሎ! ማርቲ፣ አንቺ ጉደኛ፣ ከጠዋት ጀምሮ ስልኩ ላይ ተጥጄ... ማን?... ውይ! ጋሼ አምሐ! ጓደኛዬ መስላኝ እኮ ነው። ወንድሜ መሆንህን ባውቅ እንዲህ ፈጥኜ አነሳው ነበር?... እሺ፣ እሺ፣ አልቀልድም።

— ራጉ? አለ፣ ልጅህማ እዚሁ እግሬ ሥር ካልሲውን እየበላ ነው... ኧረ አልዋጠውም፣ እያኘከው ነው። ራጉዬ፣ አውጣ! ቆሻሻ ነው!

— ፉሪ ልትወስደው? አሁን?... የአፀደ እህት ወለደች?! እሰይ፣ እንኳን ማርያም ማረቻት! እማዬ፣ የአፀደ እህት ተገላገለች!... ምን ወለደች ጋሼ?... እማዬ፣ ሴት ናት! ሦስት ላይ አቁሚ!... እልልታው ነዋ። ለወንድ መስሏት ሰባቱን ልታስነካው ነበር።

— እሺ፣ ራጉን ላለባብሰው። እናቱ አፀደ እዚያ ናት አይደል? መኪና ውስጥ ማን ያቅፈዋል?... ዳባ? የመሥሪያ ቤትህ ዳባ? ከፊት ተቀምጦ?... አይሆንም።

— አይሆንም አልኩሃ! ሄሎ? ትሰማኛለህ?... ባለፈው እሑድ አቦ ቤተ ክርስቲያን ጋ አህያ ስትገባብህ ፍሬን አልያዝክም? ማን ነበር ያቀፈው? እኔ! በሁለት እጄ፣ ጥብቅ አድርጌ። እንደ ሳሙና ነው ያመለጠኝ! ግንባሩ ላይ ያለው እብጠት አሁንም እንቁላል ያክላል... ቅቤማ ቀባነው። ቅቤ ሁልጊዜ ይደርስልናል እንዴ?

— ስማኝ ብቻ። እትዬ ሸዋረገድ ከጀርመን የላከችው ወንበር አለ አይደል? ሳሎን ያለው... አዎ፣ እማዬ ዳንቴል አልብሳ የላስቲክ አበባ ያስቀመጠችበት። ራጉን እንኳ "ያቆሽሸዋል" ብላ የማታስጠጋው። እሱ የሳሎን አይደለም ጋሼ፣ የመኪና ነው!... ሙት ስልህ! ትናንት አንዲት ፈረንጅ መኪናዋን አቁማ ሙዝ ስትገዛ፣ ልጇ ከኋላ ልክ እንደኛው ወንበር ላይ ታስሮ ቁጭ ብሏል። እኔ ደግሞ "ሳሎናቸውን ይዘው ነው እንዴ የሚዞሩት?" ብዬ ሳቅኩ። ጠጋ ብዬ ሳየው... ያ እማዬ "የተንጠለጠለ ነገር" ብላ ከዳንቴሉ ሥር የወሸቀችው የለም? የልጁ ማሰሪያ ነው!

— ቆየኝ አንዴ... ምን እማዬ? አበባው ጠረጴዛ ላይ ይሆናላ!... የጽዋ ማኅበርተኛ ቢመጣስ? ይምጣ! ማንኛቸው እዚያ ውስጥ ይገባሉና?... ሄሎ ጋሼ? እማዬ ወንበሩን እቅፍ አድርጋ ቆማለች። "ሳሎኑ ራቁቱን ሊቀር ነው" ትላለች።

— "እኛን ስናድግ ማን አሰረን?" ነው የምትለው? አንተ ስታድግ መኪና መች ነበረንና! በእግርህ አይደል ያደግከው?... አውቃለሁ፣ ዳባ ጠንካራ ነው... "እቅፍ ይበቃል"... እሺ፣ ሰማሁህ።

— ቆይ፣ ያ ድምፅ ምንድነው?... በግ?!... ለአራሷ? ጥሩ አድርገሃል፣ በባዶ እጅማ አይኬድም። የት ጫንከው፣ ጣሪያው ፖርቶመጋላ ላይ?... የኋላ ወንበር ላይ? ቀብረር ብሎ?... በምን? በመኪናው ቀበቶ አሰርከው?!

— ለምን ጋሼ?... ድገመው እስቲ፣ ስልኩ ይንጫጫል... "ፍሬን ስይዝ እንዳይወድቅ።"

— ሄሎ?... ሄሎ፣ አለህ?... እኔ እኮ ምንም አልተናገርኩም! አንተው ነህ ያልከው። ነገ ለሚታረደው ቀበቶ፣ ላንድ ልጅህ የዳባ ጭን! እማዬ ሰማሽ? በጉ ታስሮ፣ ራጉ ተፈቶ ሊሄዱ ነው!

— ጋሼ... እማዬን ብታያት! አበባውን አንስታ መሬት ላይ አስቀመጠችው። ዳንቴሉንም ገፈፈችው... የራጉን ግንባር ዳበስ አድርጋ ወንበሩን በር ላይ አደረሰችው። አሁን አንተን እየረገመች ነው... ለዘላለም አይመስለኝም፣ እስክትመጣ ብቻ ነው።

— በቃ? ትመጣለህ? የኔ ጌታ! ወንበሩን ከኋላ በቀበቶው እናስረዋለን፣ ራጉን በራሱ ማሰሪያ፣ እኔ ከጎኑ... በጉ? በጉስ ምን ቸገረው? ዳባ አለ አይደል፣ ከፊት ሆኖ ይቀፈው!... እንዴ! እቅፍ ይበቃል አላልክም?

— ዳባ ምን አለ?... ነጭ ሸሚዝ ለብሷል? ውይ፣ ውይ... አይዞህ በለው። ጥብቅ አድርጎ ይያዘው ብቻ፣ እንደ ሳሙና ነው የሚያመልጠው... ሄሎ? ጋሼ?... ዘጋው!

እማዬ፣ እየመጡ ነው! ዳንቴሉን አታጣጥፊው፣ የዳባ ጭን ላይ እናነጥፍለታለን!