የኦቦ ጉዲና ባዝራ እና ያልታመነው ብልቃጥ

የሰማንያ ስምንት ዓ.ም. ጥቅምት ነበር። ሃያ ሁለት ጋ ታክሲ ስጠብቅ ኦቦ ጉዲና አንዲት የምታነክስ ግራጫ ባዝራ እየሳቡ በአስፋልቱ ዳር ሲመጡ አየሁ። ከየካ አባዶ ጤፍ የሚያመጡልኝ ደንበኛዬ ናቸው።

«ኦቦ ጉዲና! ከየካ አባዶ እስከዚህ በእግር? ምን ገጠመዎት?»

«አይጠይቁኝ፣ አቶ ገሰሰ። ድንጉላ ፍለጋ ነው። ዓምና ሚኒባስ ገጭቷት ይኸው የኋላ እግሯ አልጸና አለ። ድንጉላ ቢወጣባት ትሰበራለች ብለው ሰፈርተኛው ሁሉ ከለከለኝ። የአባቴ ፈረሶች ዘር የቀረው በእሷ ብቻ ነው። ሳትወልድ ከሞተችብኝ አለቀ።»

«እግዜር ነው ያገናኘን! የእህቴ ልጅ የሺአረግ የፈረስ እርባታ ተምራለች፤ ቦሌ ነው የምትሠራው። ድንጉላ ሳይነካት ታስረግዝልዎታለች።»

የሐሰት ወርቅ የሚሸጥ ሰው እንዳገኙ ሁሉ በጥርጣሬ አዩኝ። ቢሆንም ሌላ አማራጭ አልነበራቸውምና ተከተሉኝ።

ቦሌ ስንደርስ የሺአረግ ቦት ጫማዋን እንዳጠለቀች ከጋጣው ወጣች። ኦቦ ጉዲና ከእግሯ እስከ ራሷ ቃኟት።

«ሴት ልጅ ይህን ሥራ? አባትሽ ያውቃል?»

«ያውቃል አባባ። መጀመሪያ እሱም ደንግጦ ነበር» አለችና ሳቀች። ባዝራዋን እየደባበሰች መረመረቻት። «ጽንሱን ትሸከማለች። የማትችለው የድንጉላውን ክብደት ነው። ስለዚህ ዘሩን በብልቃጥ ተቀብዬ በቀጭን ቱቦ ማኅፀኗ ውስጥ አስቀምጣለሁ። አይረግጣትም፣ አይነክሳትም። በሽታ ካለውም ቀድሜ አውቃለሁ።»

ሽማግሌው ግን ዓይናቸው ግቢው ጥግ ላይ ነበር።

«ያ አህያ ወንድ ነው?»

«ወንድ ነው። ውሃ ያመላልስልናል።»

«ይኸው!» ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «ብልቃጥ ሁሉ አንድ ይመስላል። የአህያው ቢገባባት በቅሎ ልትወልድልኝ ነው። በቅሎ ደግሞ አትወልድም። የአባቴ ዘር በአንድ ብልቃጥ ተቆረጠ ማለት አይደለም?»

የሺአረግ ፊቷ ቀላ። ሮጣ ዲፕሎማዋን አመጣች።

«ወረቀት አያስረግዝም፣ ልጄ።»

ማይክሮስኮፑን አቀረበችላቸው፤ ጠዋት ከግቢው ድንጉላ የወሰደችው ዘር ነበረበት። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ረጅም ጊዜ አዩ።

«ይንቀሳቀሳል።»

«አዩ?»

«የአህያውስ ቆሞ ነው የሚውለው?»

እኔ በስጨት አልኩ። አቤት የሰው ጥርጣሬ! ተማርን የምንል ሰዎች ግን አንድ ነገር እንረሳለን። የተዘጋ ብልቃጥ ይዘን መጥተን እመኑን እንላለን፤ ያላመነውን ደግሞ ኋላ ቀር ነው ብለን እንሰድባለን። የሺአረግ ከእኔ ተሻለች።

«አባባ፣ እናንተ ዘንድ ድንጉላ ሲያስጠቁ ማን ያያል?»

«እኔ፣ የድንጉላው ባለቤት፣ ጎረቤት። ሁላችንም ቆመን እናያለን። ኋላ አባቱ ማነው የሚል ክርክር የለም።»

«እንግዲያው እዚህም ይቁሙ። ብልቃጡንም እርስዎ ራስዎ ይያዙት።»

የድንጉላው ባለቤት አቶ ገብረወልድ ፈረሱን አወጡ። ኦቦ ጉዲና ከአንዲት ልጃገረድ አጠገብ ይህን በማየታቸው አፈሩ፤ ዓይናቸውን ግን አልነቀሉም። ብልቃጡ ሲሞላ ተቀበሉና እንዳይበርድ ጋቢያቸው ውስጥ ደብቀው ወደ ባዝራዋ ሄዱ።

«ቀስ ይበሉ» አልኳቸው።

«አይናገሩኝ፣ እንቅፋት ይመታኛል!»

ዓመቱ ተለውጦ በመስከረም የሺአረግንና እኔን የካ አባዶ አስጠሩን። ውርንጭላዋ ገና አልደረቀችም። ኦቦ ጉዲና ወንድ ነው ሴት ብለው አልጠየቁም፤ ተንበርክከው ጆሮዋን ያዙ።

«አጭር ነው» አሉ። «የሺ፣ አጭር ነው!» እንባቸው ወረደ።

ጎረቤታቸው ላጲሶ አጥር ተደግፎ ያያል። ኦቦ ጉዲና ብድግ ብለው ለእሱ ይሰብኩለት ጀመር፦ «ድንጉላ አልወጣባትም፣ እግሯም ደህና ነው። አንድ ጥሩ ድንጉላ ከግቢው ሳይወጣ ለሰፈሩ ባዝራ ሁሉ ይበቃል። በሽታም ከቤት ቤት አይዞርም። የአንተንም ውሰዳት።»

«ብልቃጥ አስረገዛት ብትል ማን ያምንሃል?» አለ ላጲሶ።

«አትመን። ሂድና ራስህ ያዘው።»