የሮማን ኩላሊት

ሩሀማዬ፣ ነይ ወደዚህ ጠጋ በይ፣ ትረጥቢያለሽ። የሀዋሳ ዝናብ እኮ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናታችን እስኪያልቅ ጠብቆ ነው የሚጀምረው። ልጆቹ ደህና ናቸው? የትንሹ ጉንፋን ለቀቀው? ተመስገን። በዚህ ዶፍ ባጃጅ እንደሆነ ከፒያሳ ወዲህ አይመጣልንም፣ እናውራ እንጂ ምን እናደርጋለን። ቆይ... ለወንድማችንም ቦታ እንልቀቅላቸው፣ በረንዳው ጫፍ ላይ ቆመው ስልክ ሲያወሩ ሊረጥቡ ነው። ይጠጉ እንጂ! እኛ የሴት ወሬ ነው የምናወራው፣ እርስዎን የሚመለከት የለበትም።

ምን ልልሽ ነበር... አዎ፣ አንዲት ሴት አለች እንበል። ስሟም ሮማን ይባል። ምን ያስቅሻል? በዚህ ከተማ ሮማን የምባለው እኔ ብቻ ነኝ እንዴ? ይህቺ ሮማን ባሏ ከሞተ ወዲህ ከልጇ ከሶልያና ጋር ባህል አዳራሽ አካባቢ ትኖራለች። መጽሐፍ ቅዱስ በማጥናት ማን ይደርስባታል! ባለ ዚፕ ሽፋን ገዝታለታለች፣ ሃይላይተር በየቀለሙ ገዝታለች፣ ደስ ያላትን ሁሉ ቢጫ ስትቀባ ስትቀባ ነጭ ሆኖ የቀረው ዳር ዳሩ ብቻ ነው። ማንበቡ ላይ ነው ትንሽ የሚቀራት። እገሌ እገሌን ወለደ የሚለው ሲጀምር፣ የልጅ ልጅ ሳይመጣ እሷ ታንኮራፋለች።

እንዲህ ላለችዋ አስተማሪ አያስፈልጋትም ትያለሽ? ጌታ ደግሞ ሰጣት። አንድ ጸጋ የበዛላቸው ሰው... ስም ምን ያደርጋል። እኔ መቼም እንደሳቸው ያለ አንባቢ አላየሁም። ሌላው ምስኪን ማን ተናገረ፣ ለማን ተናገረ፣ ለምን ተናገረ እያለ አንድ ምዕራፍ ላይ ሲዳክር ይውላል። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፈን፣ መጽሐፉን ገለጥ፣ ጣታቸውን ጠቅ... በቃ! አንዲት መስመር ትበቃቸዋለች። እንዴት ያሉ ቁጥብ ሰው ናቸው! ዓይናቸውን እንኳ አያደክሙም።

አንድ ቀን ታዲያ ለሮማን ሊጸልዩላት ገለጥ ቢያደርጉ፣ ጣታቸው መዝሙረ ዳዊት ላይ አረፈች። ዳዊት ጌታን ልቤንና ኩላሊቴን መርምርልኝ ብሎ የሚለምንበት ቦታ ላይ። "ኩላሊት!" አሉ። ድምፃቸውን ታውቂው የለ... ብታውቂያቸው ታውቂው ነበር ማለቴ ነው። "እህቴ፣ ጌታ የታመመ ኩላሊትሽን እያሳየኝ ነው!"

ሮማን ምን ታድርግ? አማርኛን ትምህርት ቤት ገብታ በኩርኩም የተማረች የሲዳማ ልጅ ናት፣ ኩላሊት ሲሏት ኩላሊት ነው የሚመስላት። ወዲያው ጎኗን ወጋት። እውነቴን ነው የምልሽ፣ ወጋት! ጨው ተወች። የሐይቁን ዓሣ ያለ ጨው እየቀቀለች ስትበላ ድመቷ እንኳ ተስፋ ቆርጣ ጎረቤት ገባች። ውሃ በላይ በላዩ ከመጠጣቷ የተነሳ ፒያሳ ላይ የማያውቃት ሽንት ቤት የለም። የካፌ አስተናጋጆች ገና ሲያይዋት "ምን ልታዘዝ" ማለት ትተው ቁልፉን ያቀብሏታል። አይ ሮማን! እንዲህ ያለች ጅል ከየት ይገኛል?

እስከዚህ ይሳቅ። ልጄ ግን... ልጇ ማለቴ... ኧረ ተይኝ፣ ልጄ! ሶልያና ጅማ ሥራ አግኝታ ነበር፣ ሩሀማ። ተመርቃ ስንት ዘመን ቤት ተቀምጣ የተገኘ ሥራ። "እማዬ ኩላሊቷን ታማ ጥያት የትም አልሄድም" ብላ ተወችው። "ከባሰብሽ አንዱን የኔን ትወስጃለሽ" እያለች አንገቴን አቅፋ ስታለቅስ ብታያት... ሥራውን ለሌላ ሰው ሰጡት። አንጀቴ ነው ያረረው።

ከዚያ ጎትታ ለአልትራሳውንድ ወሰደችኝ። ሐኪሙ አገላብጦ አይቶኝ "እናቴ፣ እንዲህ ያለ ኩላሊትማ እኔም የለኝም" አለኝ። ደስታዬን ይዤ ሄጄ ለእኚያ ሰው ብነግራቸው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? "ሃሌሉያ፣ ተፈወስሽ!" ትህትናቸውን አየሽልኝ? ስህተታቸውን እንኳ ለራሳቸው አላስቀሩም፣ ለጌታ ሰጡት።

ሶልያና ግን ተናዳ ያቺን ምዕራፍ ከላይ እስከ ታች አነበበቻት። "እማዬ" አለችኝ፣ "እዚህ ጋ የሚናገረው እኮ ራሱ ዳዊት ነው፣ ስለ ራሱ። የጥንት ሰዎች ኩላሊት የሚሉት ሰው ውስጡ የደበቀውን ሐሳብ ነው። ውስጤን እይልኝ አለ እንጂ የማንንም በሽታ አልተናገረም።" አንብባ እስክትጨርስ ሻይዋ እንኳ አልበረደባትም። እኔ ስንት ሃይላይተር የጨረስኩት ሴትዮ አንድም ቀን እስከ ታች አላነበብኳትም።

አሁን ደግሞ እሁድ ስልጠና ሊከፈት ነው። ባነሩን አላየሽውም? "መጽሐፍ ቅዱስን በጥንቃቄና በዓላማ ማጥናት" ይላል፣ ፊደሉ እንዴት ያምራል! አሰልጣኙ ማን እንደሆኑ... በዚህ ዝናብ ጩኸት ምኑን እነግርሻለሁ። መክፈቻው ላይ ሮማን መድረክ ወጥታ ከኩላሊት በሽታ ተፈወስኩ ብላ ትመስክር ተብሏል። ልጄ ሥራ ፈትታ እዚያው ተቀምጣ እየሰማችኝ።

እና እምቢ ልበል? ኧረ ምን ቆርጦኝ! የሰውን ፕሮግራም ላበላሽ? እወጣለሁ እንጂ። ማይኩን ይዤ ያቺን ምዕራፍ ከመጀመሪያዋ ቃል እስከ መጨረሻዋ ቀስ ብዬ አነብላቸዋለሁ። ከዚያ ሐኪሙ ያለኝን እናገራለሁ። ከዚያ የሶልያናን ሥራ። ስልጠናው በጥንቃቄ ነው አይደል የሚለው? እኔም በጥንቃቄ፣ አንድም ሳላስቀር።

ውይ! ወንድማችን በዚህ ዶፍ ወዴት ነው? ጃንጥላ እንኳ ሳይዙ! ስልኩም ለካ ዝግ ኖሯል፣ እኔ ደግሞ ሰው የሚያናግሩ መስሎኝ ድምፄን ስቀንስ... ሩጪ ሩሀማዬ፣ ጃንጥላዬን አድርሺላቸው፣ ሰው ናቸው ይታመማሉ። ባዶ ጃንጥላ ደግሞ አይሰጥም፣ ምርቃት ጨምሪበት። ሮማን እንዲህ ብላለች በያቸው፦ ጌታ ዕድሜ ይስጥልኝ፣ ጤና የሞላበት፣ የተባረከ ረጅም ዕድሜ... ጣታቸው ካረፈባት ጥቅስ አልፈው እስከሚቀጥለው ቁጥር የሚያደርሳቸው።